ማይክ የሌለበት መድረክ፦ ከኦፔራ መጋረጃ ጀርባ

ኦፔራ፣ ማለትም ታሪኩ በዘፈን የሚተወንበትን ቴአትር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማይኩ የታለ? ፀጉሯ ውስጥ ነው የደበቁት? ቀሚሷ ላይ ነው? መልሱ አጭር ነው። ማይክ የለም። አንዳንድ አዳዲስ ሥራዎች ላይ ሆን ተብሎ ይገባል፤ የተለመደው ኦፔራ ግን ያለ ማይክ ነው የሚዘፈነው። ኒውዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ 3,800 ገደማ መቀመጫ አለው። ከመድረኩ ፊት ባለው ጉድጓድ ውስጥ 70፣ 80፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። ዘፋኟ በባዶ ጉሮሮዋ ያን ሁሉ አልፋ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው ትሰማለች።

ለእኔ የኦፔራ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥልጠናው ለምን እንደሚረዝም፣ ዘፋኙ ጉንፋንን ለምን እንደሚፈራ፣ ቲኬቱ ለምን እንደሚወደድ፣ ትልልቆቹ የኦፔራ ቤቶች ዛሬ ለምን ገንዘብ እንደቸገራቸው፤ ክሩን ስትመዙት እዚያው ያደርሳችኋል።

መጀመሪያ፣ እንዴት ነው የሚቻለው? በጉልበት አይደለም። ሰማንያ ሰው የሚጫወተውን በጩኸት አሸንፋለሁ ያለ ዘፋኝ ጉሮሮውን ነው የሚጎዳው። ነገሩን በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በደንብ ያስረዳው ዮሃን ሰንድበርግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው። የኦርኬስትራ ድምፅ ኃይሉ የሚበዛው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው)። ከዚያ በላይ ሲኬድ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ ዘፋኝ ደግሞ ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ ከበላዩ ያለውን ጠባብ ክፍተት ሲያስተካክል፣ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ድምፁ ለብቻው ጎላ ብሎ ይወጣል። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ደካማ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በጣም ንቁ የሚሆነው እዚያው አካባቢ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ ከኦርኬስትራው ጋር ግብግብ አይገጥምም። ኦርኬስትራው ክፍት በተወለት መስኮት ሹልክ ብሎ ያልፋል። የጣልያን መምህራን ይህን ከሳይንሱ በፊት በጆሯቸው ያውቁት ነበር። «ስኩዊሎ» ይሉታል፤ እንደ ደወል የሚያቃጭለውን የድምፅ ጠርዝ ማለታቸው ነው።

ሶፕራኖዎች፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴት ዘፋኞች፣ በጣም ከፍ ሲሉ ዘዴው ይለያል። ድምፁ እንዲጎላ አፋቸውን ሰፋ እያደረጉ አናባቢውን ከዜማው ከፍታ ጋር ያስማማሉ። ያኔ «ኢ»ውም «ኡ»ውም ወደ «አ» ይጠጋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ቃሉ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። እናንተም ቃሉ ካመለጣችሁ ጥፋቱ የጆሯችሁ አይደለም።

ይህ በአንድ ሁለት ዓመት የሚመጣ ነገር አይደለም። የቫዮሊን ተማሪ በ5 ዓመቱ መጀመር ይችላል፤ መሣሪያው ተሠርቶ አልቋል። የዘፋኝ መሣሪያ ግን ራሱ ሰውየው ነው። ጉርምስናው ማለፍ፣ ድምፁ መርጋት አለበት። የጀርመናዊውን ደራሲ የቫግነርን ዓይነት ከባድ ሥራ የሚዘፍኑ ብዙዎቹ ድምፃቸው የሚበስለው ከ30 ዓመታቸው በኋላ ነው፤ ወደ 40 ሲጠጉ የሚበስልላቸውም አሉ። አደጋው ታዲያ በ25 ዓመቱ ትልቅ ድምፅ ያለው ልጅ ሲገኝ ነው። ሁሉም ይሻማዋል። ከባድ ሚና ይሰጡታል። ሁለት ሦስት ዓመት ያበራል፤ ከዚያ ድምፁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጥሩ መምህር «ቆይ፣ ገና ነህ» ብሎ የሚከለክል ነው። ልጁ ግን የቤት ኪራይ አለበት፣ የትምህርት ዕዳ አለበት፣ ሥራውም ዛሬ እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ አይጠብቀውም። በዚህ ዓይነት የጠፉ ድምፆችን ሳስብ ያንገበግበኛል።

የድምፅ አውታሮቻችን ትንንሽ ናቸው። የአዋቂ ሰው አውታር ቢበዛ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቀላል ጉንፋን ያሳብጠዋል። እዚህ ላይ የክፍያውን ነገር ጨምሩበት። የጀርመን ቤቶች የራሳቸው ቋሚ ዘፋኞች አሏቸው፣ በወር ደሞዝ ይከፍሏቸዋል። በእንግድነት የሚመጣው ዘፋኝ ግን በብዙ ቦታ የሚከፈለው በትርኢት ነው። ካልዘፈነ አይከፈለውም። ለሳምንታት ልምምድ የለፋበት፣ የአውሮፕላኑና የማረፊያው ወጪ፣ ሁሉም በዚያች ማታ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሏል። በትርኢት ቀን ስልክ የማያነሱ፣ ከሰው ጋር የማያወሩ ዘፋኞች ብታገኙ ኩራት እንዳይመስላችሁ።

ታሞ ከቀረስ? ትልልቆቹ ቤቶች ሚናውን አጥንቶ በተጠንቀቅ የሚጠብቅ ተጠባባቂ አላቸው። ተጠባባቂ በሌለበት ደግሞ ጠዋት ስልክ መደወል ይጀመራል። ኦፔራ በአብዛኛው የሚዘፈነው በተጻፈበት ቋንቋ ስለሆነ፣ የጣልያናዊውን ደራሲ የቨርዲን አንድ ሚና የሚያውቅ ሰው ከየትም ከተማ መጥቶ ሊዘፍነው ይችላል። ጠዋት ይደወልለታል፣ ከሰዓት በባቡር ይደርሳል፣ ማታ መድረክ ላይ ነው። የመድረኩን እንቅስቃሴ ለማጥናት ጊዜ ካልበቃ ሌላ ዘዴ አለ። መጪው ዘፋኝ ከመድረኩ ጎን ኖታውን ፊቱ አድርጎ ይዘፍናል። የአዘጋጁ ረዳት ደግሞ ልብሱን ለብሶ አፉን እያንቀሳቀሰ ይተውናል። ለአምስት ደቂቃ ይከብዳል፤ ከዚያ ዓይን ይለምደዋል። ተመልካቹም መጨረሻ ላይ ለሁለቱም ከልቡ ያጨበጭባል። ኦርኬስትራውን በእጃቸው ምልክት ለሚመሩት ኮንዳክተሮችም እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል። ሌናርድ በርንስታይን በኅዳር 1943፣ በ25 ዓመቱ፣ የታመመውን ብሩኖ ቫልተርን ተክቶ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን የመራው ያለ አንድ ቀን ልምምድ ነው። ስሙ የወጣውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ዘፋኙ ሚናውን የሚያጠናው መጀመሪያ ከአንድ አስጠኚ ጋር ነው። አስጠኚው ፒያኖ ይጫወታል፣ ቃሉን ያርማል፣ የቀሩትን ዘፋኞች ድርሻ ራሱ እያንጎራጎረ ይሞላል። ሕዝብ ፊት ስለማይታይ ማንም አያውቀውም። ብዙ ትልልቅ ኮንዳክተሮች ግን ሥራ የጀመሩት በዚህ ነው። ቀጥሎ ከአዘጋጁ ጋር ሳምንታት የሚወስድ የመድረክ ልምምድ አለ፤ ይህም በፒያኖ ነው። ኦርኬስትራው በዚያው ጊዜ ለብቻው ይለማመዳል። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙበት ልምምድ በጀርመንኛ «ዚትስፕሮበ» ይባላል፣ «የቁጭታ ልምምድ» እንደማለት ነው። ልብሰ ተውኔት የለም፣ መብራት የለም፣ መሮጥ የለም። ዘፋኞቹ በዕለት ልብሳቸው ወንበር ላይ ተደርድረው ይዘፍናሉ። ለሳምንታት በፒያኖ ብቻ የሰሙት ነገር ድንገት ከሰማንያ መሣሪያ ይመጣል። ከባለሙያዎቹ ውስጥ ከዋናው ትርኢት ይልቅ ይህን ቀን የሚወዱ ብዙ ናቸው።

አሁን ትርኢቱ ማታ ላይ እንደሆነ አስቡና ወደ መድረኩ ጎን ኑ። በጥቁር መጋረጃ መሃል ትንሽ ጠረጴዛ አለች። አነስተኛ መብራት፣ ሁለት ሦስት ስክሪን፣ አንድ ወፍራም የኖታ መጽሐፍ። የመድረክ አስተባባሪዋ የምትቀመጠው እዚህ ነው። ማዳመጫ አድርጋለች። ኖታው ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ሞልተዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ነው። መብራት ይቀየር፣ በር ይከፈት፣ ጭስ ይለቀቅ፣ ኮረሱ (በኅብረት የሚዘፍነው ቡድን) ይግባ። ሙዚቃውን እያነበበች «ተዘጋጁ» ትላለች፤ ኖታው ላይ ያለው ምልክት ሲደርስ «ሂድ» ትላለች። እሷ «ሂድ» ካላለች የሚነቃነቅ ነገር የለም። ይህን ሰዓት ይዞ መሥራት አይቻልም፤ ኮንዳክተሩ ዛሬ ከትናንቱ ቀስ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ኖታ በደንብ የሚያነብ ሰው መሆን አለበት።

አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለን እንየው። ፑቺኒ በደረሰው «ቶስካ» በተባለ ኦፔራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጀግናዋ ከኮረስ ጋር የምትዘፍነው ከመድረክ ውጪ ሆና ነው፤ ድምፁ በክፍት መስኮት ይገባል። ጨካኙ የፖሊስ አዛዥ ስካርፒያ ድንገት ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋዋል። ሙዚቃው በዚያው ቅጽበት መቆም አለበት። ቀላል ይመስላል። ኮረሱ ግን ከመጋረጃ ኋላ፣ ከኮንዳክተሩ በጣም ርቆ ነው የቆመው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። 34 ሜትር ርቀት ካለ የአንድ ሰከንድ አንድ አስረኛ ይዘገያል ማለት ነው። ለሙዚቃ ይህ ብዙ ነው። ኮረሱ የኦርኬስትራውን ድምፅ ሰምቶ ቢዘፍን፣ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚዘገይ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ተጎትቶ ነው። ስለዚህ ከመድረክ ጀርባ ሌላ ረዳት ኮንዳክተር ይቆማል። ጆሮውን አያምንም። ዋናውን ኮንዳክተር በስክሪን እያየ፣ ከሚሰማው ሙዚቃ ቀደም ብሎ ይመታል። አጠገቡ ላለው ሰው ስህተት ይመስላል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ልክ ነው። አንዳንድ ቤቶች ለዚህ ሥራ የድሮውን ወፍራም ቴሌቪዥን ሳይጥሉ የቆዩት በምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ ስክሪኖች ምስሉን በጥቂቱ ያዘገዩታል።

ጉድጓዱ ውስጥስ? የኦቦ ተጫዋችን ውሰዱ፤ ኦቦ ከእንጨት የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚነፋው ከሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ስንጣሪዎች በተሠራች መንፊያ ነው። ጥሩው ሸምበቆ የሚበቅለው በደቡብ ፈረንሳይ ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች መንፊያቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፦ ይሰነጥቁታል፣ ይዘፈዝፉታል፣ በክር ያስሩታል፣ ከዚያ በትንሽ ቢላ ይፍቁታል። የወረቀት ውፍረት ያህል አብዝቶ ከተፋቀ ድምፁ ይሞታል፣ ይጣላል። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት አንዷ መንፊያ የምታገለግለው የተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። ከልምምድ ይልቅ ፍቅፈቃ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ የሚበልጥ ሳምንት አለ። ትርኢቱ ሲጀመር ደግሞ ኦርኬስትራው በሙሉ የሚቃኘው የኦቦ ተጫዋቹ በሚሰጠው «ላ» በሚባለው ኖታ ነው። መለኪያው 440 ኸርዝ ቢሆንም አውሮፓ ውስጥ 442 ወይም 443 የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው።

ከኮንሰርት በፊት የሚያልቅ ሌላም ሥራ አለ። ቫዮሊኖቹ ሁሉ ደጋናቸውን አንድ ላይ ወደ ላይ፣ አንድ ላይ ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱ አይታችኋል? ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። አቅጣጫውን ዋናው ቫዮሊን ተጫዋች ይወስናል፣ የኦርኬስትራው የኖታ ክፍል ሠራተኞች ደግሞ በእያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ላይ በእርሳስ ይገለብጡታል።

እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚታለፈው ፈተና ከባድ ነው። ለአንድ ክፍት ቦታ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሊያመለክቱ ይችላሉ። ተፈታኙ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይጫወታል፣ ዳኞቹ አያዩትም። ቦስተን ሲምፎኒ በ1952 ይህን ሲጀምር ዓላማው ዳኞቹ ሰውየውን ትተው ሙዚቃውን እንዲሰሙ ነበር። ቆይቶ የጫማ ተረከዝ ድምፅ ሴት መሆንን እንዳያሳብቅ ምንጣፍ ማንጠፍም ተለመደ። በ1970 በአሜሪካ አምስቱ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሴቶች 5 በመቶ አይሞሉም ነበር። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የመጀመሪያዋን ሴት የተቀበለው በ1982 ነው፤ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ደግሞ በ1997፣ ያውም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ። በ2022 በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የሴቶቹ ቁጥር የወንዶቹን በለጠ። መጋረጃው ግን ሁሉን አይፈታም። እዚያ ድረስ ለመድረስ ውድ መሣሪያና የዓመታት የግል ትምህርት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ጥቁር ሙዚቀኞች ዛሬም 3 በመቶ አይሞሉም። በሩ ላይ ሳይደርስ የቀረውን ልጅ መጋረጃው አያውቀውም።

ሥራው አካልንም ይጎዳል። በ2012 ለንደን በሮያል ኦፔራ ሃውስ አንድ የቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ) ተጫዋች በቫግነር ልምምድ ላይ ከመለከቶቹ ፊት ተቀምጦ ነበር። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ከኋላው የሚመጣው ድምፅ ከ130 ዴሲቤል በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። የመስማት ችሎታው ተጎዳ፣ ሥራውንም ተወ። በ2018 ፍርድ ቤት ፈረደለት። ቤቱ «ይህ የጥበብ ሥራ ነው፣ ድምፁ ራሱ ምርታችን ነው» የሚል ክርክር አቅርቦ ነበር። ዳኛዋ የሠራተኛ ደህንነት ሕግ ለሙዚቀኛም እንደ ፋብሪካ ሠራተኛው ይሠራል አሉ። እኔም ትክክል ይመስለኛል። ማይክ ስለሌለ ኃይሉ ሁሉ የሚመጣው ከሰው እጅና ከሰው ሳንባ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ጆሮ ደግሞ ይቀበለዋል።

የገንዘቡ ጉዳይም ከዚሁ ይመዘዛል። በ1966 ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች አንድ ቀላል ነገር አሳዩ። የቤትሆቨንን አራት ሰው የሚጫወተው ሥራ ዛሬም የሚጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው፣ የሚወስደውም ያንኑ ደቂቃ ነው። ፋብሪካ በማሽን አሥር እጥፍ ያመርታል፣ የሠራተኛውም ደሞዝ ያድጋል። ሙዚቀኛም በልቶ ማደር ስላለበት ደሞዙ አብሮ ማደግ አለበት። ምርቱ ግን አልጨመረም። ሦስት ሰው ይጫወተው፣ ወይም በግማሹ ጊዜ ይለቅ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ወጪው ከቲኬቱ እየራቀ ይሄዳል። በማይክ ቢሆን አንድ ዘፋኝ ስታዲየም ይሞላል፤ የሰው ድምፅ ብቻውን የሚደርሰው ግን በአዳራሹ ልክ ነው።

ጉድለቱን ማን ይሙላው? ጀርመን ውስጥ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ይሞሉታል። በአንዲት አገር ወደ 80 የሚጠጉ በመንግሥት የሚደገፉ ቤቶች ኦፔራ ያሳያሉ። አሜሪካ ውስጥ ዋናው ምንጭ የባለሀብቶች ልግስና ነው። ሁለቱም ይናጋሉ። እንግሊዝ ውስጥ በኅዳር 2022 ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ መደበኛ የመንግሥት ድጋፉን እንዲያጣና ከለንደን እንዲወጣ ተነገረው። ከብዙ ውዝግብ በኋላ አዲስ መሠረቱን በማንቸስተር አካባቢ ለመጣል ተስማማ። በዚያው በ2022 መጨረሻ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከመጠባበቂያ ገንዘቡ እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ፣ የትርኢቱንም ቁጥር እንደሚቀንስ አስታወቀ። የኮሮና ወረርሽኝ ቤቱን ከመጋቢት 2020 እስከ መስከረም 2021 ዘግቶት ነበር። ኦርኬስትራውና ኮረሱ በዚያ ጊዜ ለወራት ደሞዝ አላገኙም። ከተማውን ለቀው የሄዱም ነበሩ።

ቤቱ ሲከፈት ግን የመረጠው ሥራ ደስ ያሰኛል። በቴሬንስ ብላንቻርድ የተደረሰ ኦፔራ ነበር። በ1883 የተመሠረተው ቤት የጥቁር ደራሲ ኦፔራ ሲያሳይ ያ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ያሉ አዳዲስ ሥራዎች ከድሮዎቹ የተሻለ ተመልካች ሲያመጡ ያየው ቤት፣ በየዓመቱ አዲስ ነገር ለማብዛት ወሰነ። ለረጅም ጊዜ የሚባለው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ «ሰው አዲስ አይፈልግም» ይባል ነበር።

ሰውን ወደ ኦፔራ ካቀረቡት ነገሮች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ግን ትርጉሙን ነው። በ1983 ቶሮንቶ ውስጥ የካናዳ ኦፔራ ኩባንያ ከመድረኩ በላይ ትርጉም በጽሑፍ ማሳየት ጀመረ። ያኔ የተቃወሙ አዋቂዎች ነበሩ፤ ዓይን ከመድረክ ይሸሻል አሉ። ዛሬ ትርጉም የሌለው ትልቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጽሑፉ በራሱ አይሄድም። አንድ ሰው ኖታውን እየተከተለ እያንዳንዱን መስመር በአዝራር ይለቀዋል። ቀልድ ያለበት ቦታ ላይ ጣቱን ይይዛል። ቀድሞ ከለቀቀው ዘፋኙ ቀልዱን ሳይናገር ተመልካቹ ይስቃል። በሲኒማ ቤት የሚታየውም የቀጥታ ስርጭት፣ ሜትሮፖሊታን በ2006 መጨረሻ የጀመረው፣ ብዙ አገር ደርሷል። እሱን አልጠላም። ብቻ እዚያ የምትሰሙት ድምፅ በማይክ አልፎ የመጣ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን የመግባት ዕድሉ ከገጠማችሁ፣ ውዱን ወንበር አትመኙ። ወደ ላይ ውጡ። ድምፁ እዚያም በደንብ ይደርሳል፤ ኦርኬስትራውና ዘፋኙ ተዋህደው የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ርካሹ ቦታ ላይ ነው። የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ በመቶ የሚቆጠሩ የመቆሚያ ቦታዎች አሉት፣ ዋጋቸውም ከወንበሮቹ በጣም ይረክሳል። ለዓመታት እየተሰለፉ የሚገቡ ሰዎች አሉ። ቀድመው ይገቡና ሻርፓቸውን ብረቱ ላይ ያስራሉ፤ ቦታው ተይዟል ማለት ነው። ማንም አይነካውም። እነሱ ወጣ ብለው እስኪመለሱ ሻርፑ ብቻውን ይጠብቃል።